ታኅሣሥ 3፣ ጥር 3፣ መጋቢት 3፦ ድሬዳዋ የሕግ ተማሪዎች ጆርናል ለምን ያስፈልጋታል

ግንቦት ውስጥ ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት ይዘው ቤቴ መጡ። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ ቦታ የለውም፤ «አንተ የሕግ ሰው አይደለህ? እስቲ እይልኝ» ብለው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።

የአቤቱታ ቅጂ ነው። ከጓሯቸው ያለው ጋራዥ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ማታ ማታ ቦዩ ውስጥ ይደፋል። ቦዩ በአጥራቸው ሥር አልፎ ወደ ደቻቱ ወንዝ ይወርዳል። ዝናብ በጣለ ቁጥር ዘይቱ በጎርፉ ላይ ተንሳፍፎ ግቢያቸው ይገባል፤ ልብስ የሚያሰጡበት ጥግ አፈሩ ጠቁሮ ቀርቷል። ከወረቀቱ ግርጌ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ማኅተም አለ፦ ታኅሣሥ 3። ከዚያ ወዲህ መልስ አልመጣም። «ጠብቂ ተባልኩ፤ ጠበቅኩ» አሉኝ።

የጎዳቸው መጠበቃቸው ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ለማንኛውም ሰው የሚሰጠው መብት ሰፊ ነው። አካባቢን በሚጎዳ ሰው ላይ አቤቱታ ለማቅረብ ጉዳዩ በግል እንደሚነካህ ማስረዳት አያስፈልግህም። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ ወይም ውሳኔው ካላረካህ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላለህ። የእኛ ወር ሠላሳ ቀን መሆኑ ለቆጠራ ይመቻል፦ ታኅሣሥ 3፣ ጥር 3፣ መጋቢት 3። እሳቸው ወረቀቱን ሲያሳዩኝ የመጨረሻው ቀን ካለፈ ሁለት ወር ሞልቶት ነበር።

ግን በእርግጥ አልፏል? ዘይቱ ዛሬም እየተደፋ ነው። ትናንት ማታ የፈሰሰው የታኅሣሡ ጥፋት ቀጣይ ነው ወይስ ራሱን የቻለ አዲስ ጥፋት? በየማታው የሚደገም ብክለት የ60 ቀኑን ቆጠራ በየማታው ያድሰዋል ወይ? አዲስ አቤቱታ ቢያስገቡ «ይህ ጉዳይ በይርጋ ታግዷል»፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜው አልፏል፣ ሊባሉ ይችላሉ ወይ? እኔ ቆጠራው ይታደሳል ከሚሉት ወገን ነኝ። ሆኖም ወደ ችሎት ይዤው የምገባ በአማርኛ የተጻፈ ትንታኔ ስፈልግ እጄ ባዶ ሆነ። አንድ ጎበዝ የአራተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ሦስት ወር ሠርቶበት ሃያ ገጽ የሚጽፍበት ጥያቄ ነበር። ጥያቄው አለ፤ ተማሪውም አለ። የሚጻፍበት ቦታ ነው የጠፋው።

በአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶች የቆየ ልማድ አለ፤ አብዛኞቹን የሕግ ጆርናሎች የሚመሩት መምህራን ሳይሆኑ ተማሪዎች ናቸው። የሃርቫርድ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1887 ያቋቋሙት ጆርናል እስከ ዛሬ በተማሪዎች እጅ ነው። የአካባቢ ሕግ ራሱን ችሎ ብቅ ሲል ተማሪዎቹ ወዲያው ተከተሉት። በኦሪጎን ሉዊስ ኤንድ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1970፣ በርክሌይ በ1971፣ ኮሎምቢያ በ1972፣ ሃርቫርድ በ1976 የአካባቢ ሕግ ጆርናል ነበራቸው። በ1983 በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ግን ከሁሉም ይልቅ ለእኛ ይቀርበናል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ስሙ ላይ የመሬት አጠቃቀምንና የአካባቢ ሕግን አንድ ላይ አድርጓል። ወደዚህ ነጥብ ደቻቱ ላይ ስንደርስ እመለሳለሁ።

ተማሪዎቹ በተግባር ምን ይሠራሉ? ጽሑፍ ይመጣላቸዋል፤ ያነባሉ፤ ይመርጣሉ፤ ከጸሐፊው ጋር እየተጻጻፉ ያርማሉ። ራሳቸውም አጠር ያለ ጥናት ይጽፋሉ፤ ብዙ ጊዜ ስለ አንድ አዲስ ፍርድ ወይም ስለ አንድ ያልተፈታ የሕግ ጥያቄ። በዓመት አንድ ጊዜ ዳኞችን፣ ጠበቆችንና የመንግሥት ሠራተኞችን በአንድ አዳራሽ ሰብስበው የሚያወያዩም አሉ። ይህ ሁሉ ጥሩ ነው፤ የጆርናሉ እምብርት ግን ሌላ ነው።

እምብርቱ የግርጌ ማስታወሻ ማጣራት ነው። አንድ ጽሑፍ ሁለት መቶ የግርጌ ማስታወሻ ቢኖረው፣ ሁለት መቶውም በተማሪ እጅ ያልፋል። ጸሐፊው «አዋጁ እንዲህ ይላል» ካለ ተማሪው አዋጁን ያወጣል፣ ገጹን ይከፍታል፣ ቃሉን በጣቱ እየተከተለ ያነባል። አዋጁ ተሽሮ እንደሆነ ያያል። የተጠቀሰው ፍርድ በይግባኝ ተለውጦ እንደሆነ ይጠይቃል። ጸሐፊው ስመ ጥር ፕሮፌሰር ቢሆንም ልዩነት የለውም። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ሌሊት ይወስዳል። ይህን ሁለት ዓመት የሠራ ልጅ ግን በሰሚ ሰሚ የመጣ ሕግ አይቀበልም።

እኛ ዘንድ ደግሞ ብዙ ሕግ የሚኖረው በሰሚ ሰሚ ነው። ለሕዝብ ጥቅም ሲባል መሬት የሚለቀቅበትን ሥርዓት የወሰነው አዋጅ 455/1997 በ1161/2011 ተተክቷል፤ እሱም በኋላ ተሻሽሏል። የገጠር መሬት አዋጁ 456/1997 በ1324/2016 ተተክቷል። ሆኖም የተሻረውን አዋጅ እየጠቀሱ የሚጻፉ ደብዳቤዎች ዛሬም እጄ ይገባሉ። ደብዳቤው የሚወስነው ደግሞ የአንድ ቤተሰብ ካሳ ስንት እንደሆነና ምትክ ቦታ የት እንደሚሰጠው ነው። የኮሪደር ልማቱ ድሬንም ሐረርንም እያዳረሰ ባለበት በዚህ ጊዜ፣ የአንድ አንቀጽ ቁጥር መሳሳት ወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር ስሕተት አይደለም።

የተማሪ ጆርናል ከክፍል ውጭ ለውጥ ያመጣል ወይ ለሚል ሰው የአንድ ሐይቅ ታሪክ ልንገረው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሞኖ የሚባል ሐይቅ አለ። የሎስ አንጀለስ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1941 ጀምሮ ሐይቁን የሚመግቡትን ጅረቶች እየጠለፈች ለነዋሪዎቿ ወሰደች። ፈቃድ ነበራት፤ ሕገ ወጥ ሥራ አልነበረም። ሐይቁ ግን ዓመት በዓመት እየሸሸ ሄደ። በ1970 ጆሴፍ ሳክስ የሚባሉ የሕግ መምህር በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በሚያዘጋጁት ጆርናል ላይ አንድ ጽሑፍ አወጡ። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ እንደ ውሃ ያለውን ሀብት መንግሥት የያዘው ለሕዝብ በአደራ ነው፤ አደራ ጠባቂ ደግሞ እንዳሻው አይሰጥም፣ ለሰጠውም ይጠየቃል። በ1983 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሞኖን ጉዳይ ሲወስን ያንን ጽሑፍ ጠቀሰ፤ ለከተማዋ የተሰጠው የውሃ ፈቃድም ከሕዝብ አደራ አንጻር እንደገና ሊመረመር ይገባል አለ። በ1994 የግዛቲቱ የውሃ ቦርድ ከተማዋ የምትወስደውን መጠን ገደበ።

ይህን ታሪክ በዚህ ምድር የሚያነብ ሰው ሐረማያን ሳያስብ አያልፍም። ሐረር ውሃ የምትጠጣው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር። ዳር ዳሩን ጫትና አትክልት የሚያጠጡ ፓምፖች ተደረደሩ፣ ከተማዋ ሳበች፣ ከተራቆተው ኮረብታ የወረደው ደለል ሐይቁን ሞላው፤ በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ ሐይቁ ደርቆ ከብት ተሰማራበት። የሐረር ሰው ቢጫ ጀሪካን ተሸክሞ ያሳለፈውን ዘመን አይረሳውም። በኋላ ውሃ ከድሬዳዋ በኩል፣ ከቆላው ጉድጓድ ተስቦ ወደ ደጋው በቧንቧ ወጣ። በቅርብ ዓመታት ወደ ሐረማያ ውሃ ተመልሷል፤ በመንገዱ ያለፈ ሁሉ አይቶታል፤ እኔም መኪና አስቁሜ ወርጄ ቆሜ አይቼዋለሁ።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬትም የተፈጥሮ ሀብትም የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ይህንን አንቀጽ ሁልጊዜ የምናነበው ከመሬት ሽያጭ መከልከል ጋር ነው። ከአደራ ጋር አንብቦ የሚከራከር ሰው ቢኖርስ? «የመንግሥትና የሕዝብ» የሚለው «ና» ምን ግዴታ ይሸከማል? በአንቀጽ 44 «ሁሉም ሰዎች ንጹህና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አላቸው» ከሚለው ጋር ሲጋጠም ተመልሶ የመጣውን የሐረማያ ውሃ ከሁለተኛ ድርቀት የሚከላከል ክርክር ይወጣዋል ወይ? የካሊፎርኒያን ፍርድ እንዳለ እናምጣ አልልም፤ የእነሱ የውሃ ሕግ ሥሩ ሌላ ነው። ጥያቄውን ግን የሐይቁን ዳር በእግሩ የሚያውቅ ልጅ ሊጽፈው ይገባል፤ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ተማሪ ደግሞ ሐይቁ ጎረቤቱ ነው።

በአገራችን የሕግ ጆርናል የለም ማለቴ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የኢትዮጵያ ሕግ ጆርናል እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ አለ። የቅድስት ማርያም ዩኒቨርሲቲው ሚዛን አለ፤ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲም የራሱ አለው። ባይኖሩ ኖሮ ብዙ ነገር ይጠፋ ነበር። አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። አክሽን ፕሮፌሽናልስ አሶሲዬሽን ፎር ዘ ፒፕል የተባለው ድርጅት በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ ስለ አቃቂና ሞጆ ወንዞች ብክለት የፌዴራሉን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ከሶ ነበር። የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ባለሥልጣኑ በዚህ ጉዳይ የሚከሰስ ወገን አይደለም ብሎ ዘጋው። ክሱ ተሸነፈ፤ ግን መምህራን ስለጻፉበት ዛሬ ማንን መክሰስ እንደሚያዋጣና እንደማያዋጣ እንማርበታለን። ያልተጻፈበት ሽንፈት ይህን እንኳ አይተውልንም።

ጆርናሎቹ ግን በመምህራን የሚመሩ ናቸው፤ የሚጻፉትም በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። ድሬዳዋ ላይ ክስ የሚጻፈው፣ ምስክር የሚሰማው፣ ፍርድ የሚነበበው በአማርኛ ነው። የነጋሪት ጋዜጣው አማርኛና እንግሊዝኛ ቢለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው። ስለዚህ ስለ አንድ አንቀጽ ትርጉም የምንከራከር ከሆነ መከራከር ያለብን በአማርኛው ቃል ላይ ነው፤ ያን ክርክር በእንግሊዝኛ ማካሄድ የሚጸናውን ጽሑፍ ትቶ በትርጉሙ ላይ መሟገት ነው። ይህች ከተማ ደግሞ በኦሮምኛና በሶማሊኛም ትኖራለች። ጆርናሉ ቢያንስ የየጽሑፉን ፍሬ ነገር በሦስቱም ቋንቋ ማውጣት አለበት፤ አለዚያ ወንዙ ዳር ላለው ሰው አይደርስም።

ተማሪዎቹስ? አሁንም ይጽፋሉ። የመመረቂያ ጽሑፍ፣ እነሱ ሲኒየር ኤሴይ የሚሉት፣ ሳይጽፍ የሚመረቅ የለም። ስለ ካሳ፣ ስለ ጫት መስኖ፣ ስለ ፌስታል፣ ስለ ይዞታ ክርክር ተጽፏል። ጽሑፉ ተጠርዞ፣ አማካሪው ፈርሞበት፣ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ከዚያ በኋላ የሚያወርደው በሚቀጥለው ዓመት ርዕስ የሚፈልግ ተማሪ ነው። ለተግባር ልምምድ ኤክስተርንሺፕ ሲወጡም ችሎት ውስጥ ሳምንታት ይቀመጣሉ። ድሬዳዋ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሚያስችሉባት ከተማ ናት፤ የከተማው ፍርድ ቤትም አለ። የሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔዎች በቅጽ እየታተሙ ከ20 ቅጽ በላይ ሆነዋል። ከሥሩ ያሉት ፍርድ ቤቶች የሚሰጧቸውን ፍርዶች ግን የሚያውቃቸው ተከራካሪውና መዝገብ ቤቱ ነው። የአካባቢና የመሬት ጉዳይ አብዛኛው እዚያ ሥር ነው የሚያልቀው፤ ያንን የሚያይ ደግሞ ከኋላ ወንበር ላይ ደብተር ይዞ የተቀመጠው ልጅ ነው።

አሁን ወደ ደቻቱ። በዓመት ውስጥ ለብዙ ወር ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው በመሐሉ ያቋርጣል፣ ነጋዴ ሸራ ዘርግቶበት ይሸጣል። ማለዳ ላይ ከድልድዩ ቁልቁል ያየ ሰው አይሱዙ መኪና ኋላውን ሰጥቶ ሲገባ፣ አራትና አምስት ወጣቶች አካፋ ይዘው አሸዋ ሲጭኑ፣ የተቆፈረው ቦታ ውስጥ ሌላኛው እስከ ወገቡ ገብቶ ሲታይ ያያል። ያ አሸዋ የከተማዋ ግንብ ነው። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ለ30 አጥቢያ ግን ያው አሸዋ ላይ የመጣው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰው በላ፤ ሺዎችን ቤት አልባ አደረገ። ድሬ ውስጥ በዚያ ሌሊት የሚያውቀው ሰው ያልሞተበት ቤተሰብ ማግኘት ይከብዳል።

ደቻቱ እንግዲህ መሬት ነው ወይስ ውሃ? ሕጋችን ለሁለቱ የተለያየ መልስ አለው። ዳሩ ላይ ቤት መሥራት የከተማ ፕላን አዋጅ 574/2000 እና የሊዝ አዋጅ 721/2004 ጉዳይ ነው። የጎረቤቴ ዘይት የ300/1995 ጉዳይ ነው። አሸዋው የማዕድን ፈቃድ ጉዳይ ነው። ከዳሩ ሰው ሲነሣ 1161/2011 ይመጣል። ጎርፉ የሚነሣበት ተዳፋት ደግሞ የገጠር መሬት ነው፤ ከፊሉ በድሬዳዋ አስተዳደር ቀበሌዎች፣ ከፊሉ ከደንገጎ ማዶ በኦሮሚያ ክልል። ለአንድ ወንዝ ስድስት አዋጅ፣ ለስድስቱም የየራሱ መሥሪያ ቤትና የየራሱ መዝገብ። እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን ድርሻ በትክክል ሠርቶ እንኳ ወንዙን በሙሉ ያየው ማንም አይኖርም። ከላይ የተራቆተ ተዳፋት፣ ከታች የተቆፈረ አሸዋ፣ ከጎን የተጠጋ ቤት፤ ሦስቱን የሚያገናኛቸው ጎርፉ ብቻ ነው።

የፍሎሪዳውን ጆርናል ስም የወደድኩት ለዚህ ነው። የመሬት አጠቃቀምና የአካባቢ ሕግ ተነጣጥለው ሲጠኑ እንደ ደቻቱ ያለ ወንዝ በመሐላቸው ይወድቃል። የከርሰ ምድሩ ውሃ ጉዳይም ያው ነው። ከተማዋ የምትጠጣው ከጉድጓድ ነው፤ በጉድጓዶቹ ውሃ ላይ ናይትሬት የሚባለው በካይ ንጥረ ነገር መገኘቱ በተደጋጋሚ ተጠንቷል፤ አንዱ ዋና ምንጩ የሽንት ቤት ጉድጓድ ነው። ከውሃ ጉድጓድ በምን ያህል ርቀት ቤት ይሠራ የሚለው የመሬት ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን ብርጭቆ ውስጥ ይገኛል።

ተቃውሞዎች ይኖራሉ፤ ከባዶቹን ልውሰድ። የመጀመሪያው «ተማሪ የመምህርን ጽሑፍ ምን ብሎ ይመዝናል?» የሚለው ነው። አሜሪካ ውስጥም ይህ ትችት ዛሬም ድረስ አለ፤ እውነትነትም አለው። መፍትሔው አስቸጋሪ አይመስለኝም፦ ተማሪ ያጣራ፣ ያርም፣ ይምረጥ፤ ከመታተሙ በፊት ግን በዘርፉ የበሰለ አንድ መምህር ይየው። ሁለተኛው ተማሪ ይመረቃል፣ ይበተናል የሚለው ነው። ይህ በጣም ያሳስበኛል፤ በእኛ አገር በአንድ ጎበዝ ልጅ ላይ ተንጠልጥሎ ልጁ ሲሄድ የሚሞት ክበብ ብዙ አይቻለሁና። ለዚህ ያለኝ መልስ ሥራውን ከትምህርቱ ጋር ማሰር ነው፤ የግርጌ ማስታወሻ ማጣራት ነጥብ የሚያሰጥ ሥራ ይሁን፣ ሦስተኛ ዓመቱ ከአራተኛው እየተማረ ይረከብ። ሦስተኛው በግልጽ የማይነገረው ነው፤ ፍርሃት። የመሬት ጉዳይ ጥቅም ያለበት ነው፣ ስም ያለበት ነው። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ብቻውን ሊጋፈጠው አይገባም። ጆርናሉ ሰውን ሳይሆን አንቀጽን፣ ወሬን ሳይሆን ማኅተም ያለበትን ወረቀት ይዞ ከጻፈ፣ የዩኒቨርሲቲው ስምም ከላዩ ካለ፣ መከለያ ይሆነዋል።

ገንዘብ ዋናው ችግር አይመስለኝም። ለመጀመሪያው ዓመት ስምንት ገጽ ይበቃል፦ በዚህ ከተማ የተሰጡ አራት ፍርዶች ማጠቃለያ፣ አንድ ያልተፈታ ጥያቄ፣ በሥራ ላይ ያሉና የተሻሩ አዋጆች ዝርዝር። ያ ዝርዝር ብቻውን በየቀበሌው ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ስንት ደብዳቤ ያስተካክላል!

ጎረቤቴ ሰኞ ዕለት አዲስ አቤቱታ አስገብተዋል። ዘይቱ መቼ መቼ እንደተደፋ ከታኅሣሥ ወዲህ ያለውን ቀን አንድ በአንድ ጽፈንበታል፤ ያለፈው እሑድ ማታም አለበት። አብራቸው የሄደችው በሰፈራችን ለልምምድ የመጣች የሕግ ተማሪ ናት። መዝገብ ቤቱ ማኅተም ሲመታ እሷ ቁጥሩንና ቀኑን ደብተሯ ላይ ጻፈች፤ ከሥሩ ሁለት ቀን ጨመረች፤ አንዱ ሠላሳው የሚሞላበት፣ ሌላው ስልሳው። በሁለተኛው ዙሪያ በቀይ እስክሪብቶ ክብ አደረገችበትና ገጹን ለእሳቸው አሳየቻቸው። «አንቺ ካስታወስሽኝ» አሏት «እኔ እመጣለሁ»።